የሊባኖስን ፖለቲከኛ ታሪክ ከአውራጃው ተነሥቶ እንዴት መጻፍ ይቻላል፦ ዋሊድ ጁምብላት እና ሹፍ

የሊባኖስን ዜና ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ለሬዲዮ ወይም ለመጽሔት የሚያዘጋጅ፣ ወይም ቤይሩት ተቀምጦ የሚኖርበትን አገር ለማወቅ የሚጥር ሰው አንድ ቀን ዋሊድ ጁምብላት ከሚባለው ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። አባታቸው ከማል ጁምብላት በ1977 ሲገደሉ ልጅየው የፓርቲያቸውም፣ ድሩዝ የተባለው የራሱ እምነት ያለው የሃይማኖት ማኅበረሰብም መሪ ሆኑ። ግድያው የሶርያ መንግሥት እጅ አለበት እየተባለ በሰፊው ሲነገር፣ እሳቸው የአባታቸው አርባ ካለፈ በኋላ ደማስቆ ሄደው ከሐፊዝ አል-አሳድ ጋር ተገናኙ። በ2005 የሶርያ ጦር ከሊባኖስ ይውጣ ካሉት ግንባር ቀደሙ ነበሩ፤ በ2010 እንደገና ደማስቆ ወርደው ከበሻር አል-አሳድ ጋር ተቀመጡ፤ በሶርያ አመፅ በተነሣ ጊዜ ከአመፀኞቹ ጎን ቆሙ፤ የአሳድ አገዛዝ በዲሴምበር 2024 በወደቀ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ አዲሱን መሪ አሕመድ አል-ሸራዕን ለማግኘት እዚያው ከተማ ታዩ።

ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ የሚያነብ ሰው፣ ሰውየው ነፋስ የሚያወዛውዘው ሸምበቆ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እኔ ግን ድምዳሜው ስሕተት ነው እላለሁ፤ ስሕተቱም የሚመነጨው ታሪኩን ከቤይሩት ወይም ከደማስቆ ከመጀመር ነው። የሊባኖስ ፖለቲከኛ ዋና ከተማው ውስጥ ይናገራል እንጂ የሚቆመው አውራጃው ላይ ነው። አውራጃውን አስቀድሞ ያወቀ ጸሐፊ፣ የሰውየውን መገለባበጥ ይቅር ባይልም እንኳ ምክንያቱን ያገኘዋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌው ጁምብላትና ሹፍ ይሁኑ እንጂ፣ መንገዱ የነቢህ በሪን ደቡብ ወይም የፍራንጅዬ ቤተሰብን ዝጋርታ ለሚጽፍ ሰውም ያገለግላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ካርታውን በእጅ መሣል

ወረቀት አውጥቶ የሹፍን ካርታ በገዛ እጅ መሣል የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ጥቂት ቦታዎች በትክክል ከተቀመጡ ይበቃል። ሹፍ በሊባኖስ ተራራ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የሚገኝ አውራጃ ነው፤ ሊባኖሳውያን ይህን የአስተዳደር እርከን ቀዳእ ይሉታል። ከቤይሩት ወደ ደቡብ ሲኬድ በባሕሩ ዳርቻ ከዳሙር ተነሥቶ ወደ አወሊ ወንዝ ይዘልቃል፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በሸለቆና በእርከን እርሻ ውስጥ እየወጣ እስከ ባሩክ ተራራ ጀርባ ይደርሳል። ከጀርባው ወዲያ የበቃዕ ሜዳ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የቆሙት ዛፎች እኛ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አርዘ ሊባኖስ ብለን የምናውቃቸው ናቸው፤ አካባቢው በ1996 ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በሕግ ተከልሏል።

በካርታው ላይ ከእያንዳንዱ ቦታ ስም አጠገብ የሃይማኖት ማኅበረሰቡን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለእኛ ይህ ደስ የማይል ሥራ ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን የሊባኖስ የምርጫ ሕግ ራሱ የሚሠራው በዚህ ስለሆነ መዝለል አይቻልም። ዳሙር የማሮናውያን ክርስቲያኖች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ ያለው ኢቅሊም አል-ኸሩብ የሚባለው ቆላማ ክፍል፣ በርጃንና ሽሒምን ይዞ፣ በብዛት የሱኒ ሙስሊሞች ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ደይር አል-ቀመር ይገኛል፤ የማሮናውያን ከተማ ሲሆን ከ1952 እስከ 1958 ፕሬዚዳንት የነበሩት ከሚል ሻምዑን የተወለዱባት ናት። ከሸለቆው ባሻገር አሚር በሺር 2ኛ ሺሃብ ያሠሩት የበይተዲን ቤተ መንግሥት ይታያል፤ የአውራጃው አስተዳደር መቀመጫም በይተዲን ነው። በዕቅሊን የድሩዞች ትልቅ ከተማ ናት። ሙኽታራ ግን መንደር ናት፤ የጁምብላት ቤተሰብ ግንብ የቆመው በእርሷ ውስጥ ነው።

ካርታው ከተሣለ በኋላ አንድ ነገር በቀይ መስመር ማድመቅ ይገባል፤ እርሱም ከቤይሩት ወደ ሰይዳና ወደ ደቡብ ሊባኖስ የሚወስደው የባሕር ዳርቻ መንገድ ነው። የደቡቡ ሕዝብ፣ በተለይም የሺዓው ማኅበረሰብ፣ ከዋና ከተማው ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው፤ መንገዱም በዳሙርና በጂዬ፣ ማለትም በሹፍ ግርጌ ያልፋል። ድሩዞች ከአገሪቱ ሕዝብ ጥቂቱን እጅ የያዙ ማኅበረሰብ ናቸው፤ የሚኖሩበት ተራራ ግን ሁሉም ሊያልፍበት የሚፈልገው በር ላይ ተቀምጧል። ጁምብላት ከሒዝቦላህ ጋር አንዴ ሲጋጩ አንዴ ሲስማሙ የኖሩበትን ምክንያት ግማሹን ይህ ቀይ መስመር ይናገራል።

መዝገቡንና ወንበሩን መቁጠር

ሁለተኛው ሥራ የምርጫውን አሠራር መረዳት ነው፤ ብዙ የውጭ ጸሐፊ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሊባኖሳዊ የሚመርጠው በሚኖርበት ከተማ ሳይሆን የቤተሰቡ ስም በተመዘገበበት መንደር ነው። አባቱ ከስልሳ ዓመት በፊት ከዳሙር ወጥቶ ቤይሩት የገባ ሰው፣ እርሱ ራሱ ዳሙርን ኖሮባት ባያውቅ እንኳ፣ በምርጫ ቀን ወደ ዳሙር ይወርዳል። ሴት ልጅ ስታገባ ስሟ ወደ ባሏ መዝገብ ይዛወራል። መዝገቡ ሰውየውን ከነሃይማኖቱ ስለሚይዘው፣ አውራጃው በላዩ ላይ ከሚኖሩት ይልቅ በስሙ የተመዘገቡት ሰዎች ማኅበር ነው ቢባል ይቀላል። ከ1975 እስከ 1990 ከዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ የሹፍ ክርስቲያኖች ወደ ቤታቸው ባይመለሱም ድምፃቸው ግን ሹፍ ውስጥ እንደቀረ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ በኋላ የምናነሣው እርቅ ያለዚህ እውነታ በከፊል ብቻ ነው የሚገባው።

ከዚያ ወንበሮቹን መቁጠር ነው። የሊባኖስ ምክር ቤት ከ1992 ጀምሮ 128 አባላት አሉት፤ እኩሌታው የክርስቲያኖች፣ እኩሌታው የሙስሊሞችና የድሩዞች ነው። ከ128ቱ የድሩዞች 8 ብቻ ናቸው። ሹፍ ለብቻው 8 ወንበር ሲኖረው ሦስቱ የማሮናውያን፣ ሁለቱ የሱኒዎች፣ ሁለቱ የድሩዞች፣ አንዱ የግሪክ ካቶሊኮች ነው። እስከ 2009 በነበረው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት እያንዳንዱ መራጭ፣ ማሮናዊም ይሁን ድሩዝ፣ ለስምንቱም ወንበሮች ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በአውራጃው ውስጥ የድሩዞችን ድምፅ አንድ አድርጎ የሚያንቀሳቅስ መሪ፣ ከሱኒዎቹ ጋር ከተስማማ፣ ሁለቱን የድሩዝ ወንበሮች ብቻ ሳይሆን የማሮናውያኑን ሦስት ወንበሮች ማን እንደሚይዝም ይወስናል። ጁምብላት በቁጥር ትንሽ የሆነ ማኅበረሰብ መሪ ሆነው ሳሉ ትልቅ የምክር ቤት ቡድን ይዘው የኖሩት በዚህ ነው። ክርስቲያን መራጮች ደግሞ ተወካዮቻችንን የሚመርጡልን ሌሎች ናቸው እያሉ ሲያማርሩ የኖሩትም በዚሁ ነው፤ ሐቀኛ ጸሐፊ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር አለበት።

የምርጫ ክልሉ ድንበር እንዴት እንደሚሰመር መከታተልም የዚህ ሥራ አካል ነው፤ ለዚህ ቤተሰብ የድንበር መስመር የሞት ሽረት ጉዳይ ነበርና። በ1957 ፕሬዚዳንት ሻምዑን ክልሎቹን እንደገና ሲያሰምሩ ከማል ጁምብላት ወንበራቸውን አጡ፤ በዓመቱ በ1958 አገሪቱ ወደ ትጥቅ ግጭት ስትገባ ከማል ከአመፁ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1992 እና በ1996 በተደረጉት ምርጫዎች ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፦ በሰሜንና በደቡብ ሰፋፊ የምርጫ ክልሎች ሲዘረጉ የሊባኖስ ተራራ ብቻ በየአውራጃው ተከፋፍሎ እንዲመርጥ ተደረገ፤ ይህም ዋሊድ ጁምብላትን በብዙ ክርስቲያኖች ድምፅ ከመዋጥ አዳናቸው። በ1996 የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ይህን አድልዎ ውድቅ ሲያደርገው፣ ሕግ አውጪው ፓርላማ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚል ቃል መልሶ አጸደቀው። ደማስቆ በዚያ ዘመን የሊባኖስን ነገር ሁሉ ትወስን እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ጁምብላት ከሶርያ ጋር ተስማምተው ለምን እንደኖሩ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የ2017ቱ ሕግ ተመጣጣኝ ውክልናን አመጣ፤ አገሪቱን በ15 ክልሎች ሲከፍል ሹፍን ከጎረቤቱ ዓለይ ጋር አጣምሮ የ13 ወንበር ክልል አደረገው። ድሮ እንደነበረው ስምንቱንም ጠቅልሎ መውሰድ ከዚያ ወዲህ አልተቻለም። ያም ሆኖ በ2022 ምርጫ ከስምንቱ የድሩዝ ወንበሮች ስድስቱ በጁምብላት ወገን እጅ ቀርተዋል፤ ሁለቱን፣ በዓለይና በሐስበያ፣ ከባህላዊ ቤቶች ውጪ የመጡ ለውጥ ፈላጊዎች ወሰዷቸው። የዓለዩ ወንበር ተሸናፊ ደግሞ የጥንቱ ተቀናቃኝ ቤት መሪ ጠላል አርስላን ነበሩ።

ቤቱን ማወቅ

ሦስተኛው ሥራ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መጻፍ ሲሆን፣ ስሞቹን ከመደርደር ይልቅ እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደሞተ ማስፈር የበለጠ ያስተምራል። የሙኽታራን ኃይል የገነቡት በሺር ጁምብላት ከአሚር በሺር ሺሃብ ጋር ተጣልተው በ1825 ተገደሉ። የዋሊድ አያት ፉአድ ጁምብላት በ1921 ተገደሉ፤ ልጃቸው ከማል ገና ሕፃን ስለነበሩ ቤቱን የመሩት ባለቤታቸው ሲት ናዚራ ናቸው። አንዲት ሴት በዚያ ዘመን የድሩዞችን ትልቅ ቤት ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል መምራቷ ከሚገባው በታች የሚነገር ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው አንድ አንቀጽ ቢሰጣቸው መልካም ነው። ከማል በ1943 ምክር ቤት ገቡ፤ በ1949 ተራማጅ ሶሻሊስት ፓርቲን መሠረቱ፤ በማርች 16 ቀን 1977 በሹፍ መንገድ ላይ መኪናቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ዋሊድም በዚያው ዓመተ ምሕረት በ1949 የተወለዱ ስለሆኑ መሪነቱን ሲረከቡ ሃያ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። በዲሴምበር 1982 እሳቸውም ቤይሩት ውስጥ ከተጠመደ የመኪና ቦምብ ለጥቂት ተርፈዋል።

ይህን ሐረግ አጠገብ ለአጠገብ ያየ አንባቢ፣ በዚህ ቤት መሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ሆኖም ጸሐፊው ሁለት ጥንቃቄዎች ማድረግ አለበት። አንደኛው፣ ዛዒም እና ቤክ የሚሉትን ቃላት ባላባት ብሎ ብቻ መተርጎም አይበቃም፤ የሙኽታራው ቤክ ጥንት በመሬት ላይ የተመሠረተ ሥልጣን ነበረው፣ ዛሬ ግን ሥልጣኑ የሚቆመው በፓርቲ፣ በምክር ቤት ወንበር፣ በመንግሥት ሥራ ማስገባትና ጠብ በማብረድ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ወደ ሙኽታራ የሚወጡበት ልማድ ይህን ከማንኛውም ትንታኔ በተሻለ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ድሩዞች ሁሉ የጁምብላት ተከታዮች ናቸው ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ማኅበረሰቡ ከጥንት ጀምሮ ጁምብላጢ እና የዝበኪ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ ኖሯል፤ የሁለተኛው ወገን ዋና ቤት አርስላን ነው። የዋሊድ እናት ሜይ አርስላን ከዚያው ስም የተወለዱ መሆናቸውን ሳስብ፣ የተራራው ተቀናቃኝነት ጋብቻን የማይከለክል መሆኑን አስተውላለሁ፤ ይህ መተሳሰር በችግር ጊዜ ምን እንደጠቀመ ከዚህ በታች እናያለን።

ሁለት ዓምድ ያለው የዘመን ሰሌዳ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንመጣለን። አንድ ገጽ በሁለት ዓምድ ይከፈል፤ በግራው ቤይሩት፣ ደማስቆና የውጭው ዓለም፣ በቀኙ ሹፍ ይጻፍ። ደንቡ አንድ ነው፦ በግራው ዓምድ የአቋም ለውጥ በተጻፈ ቁጥር በቀኙ ዓምድ በዚያው ዓመት አውራጃው ውስጥ የሆነውን ሳያገኙ ወደሚቀጥለው መስመር አለመሄድ።

ከ1982 እስከ 1984 ያለውን እንውሰድ። በግራው ዓምድ እስራኤል በጁን 1982 ሊባኖስን ወረረች፤ ከዚያም ከቤይሩት መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራረመች፤ ጁምብላት ስምምነቱን ተቃውመው ከሶርያ ጋር ወገኑ። የአባቱን ደም ረስቶ ከገዳዮቹ ጋር ወገነ የሚል ፍርድ ከግራው ዓምድ ብቻ ይወጣል። በቀኙ ዓምድ ግን የሊባኖስ ኃይሎች የተባለው ክርስቲያናዊ ሚሊሻ የእስራኤልን ጦር ተከትሎ ወደ ተራራው ገብቶ ነበር፤ በየመንደሩ ግድያና ጠለፋ ተጀምሮ ነበር፤ በሴፕቴምበር 1983 የእስራኤል ጦር ድንገት ወደ አወሊ ወንዝ ሲያፈገፍግ የተራራው ጦርነት ፈነዳ። ጁምብላት መሣሪያና ድጋፍ የሚያገኙባት አገር ሶርያ ነበረች። ጦርነቱን አሸነፉ፤ ተራራው በፓርቲያቸው አስተዳደር ሥር ወደቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች ከመንደሮቻቸው ተፈናቀሉ፤ ደይር አል-ቀመር በሸሹ ሰዎች ተጨናንቃ ለወራት ተከበበች። በ1984 ጁምብላት ሚኒስትር ሆነው ወደ መንግሥት ገቡ። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ላይ ሲነበቡ ምክንያቱ ይገባል፤ የተፈናቀሉት ሰዎች መከራ ግን በመረዳታችን አይቀንስም፣ ጽሑፉም መቀነስ የለበትም።

ሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ከ2000 እስከ 2005 ያለው ነው። በግራው ዓምድ ሐፊዝ አል-አሳድ በጁን 2000 ሞቱ፤ የማሮናውያን ጳጳሳት በሴፕቴምበር የሶርያ ጦር እንዲወጣ የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ፤ ጁምብላትም በዚያው ዓመት መጨረሻ በምክር ቤት ቆመው የጦሩ አሰፋፈር እንደገና ይታይ አሉ። በቀኙ ዓምድ በኦገስት 3 ቀን 2001 የማሮናውያን ፓትርያርክ ነስረላህ ቡጥሮስ ስፌር ወደ ሹፍ ወጥተው ሙኽታራ ገቡ፤ ጁምብላት ተቀበሏቸው፤ የተራራው እርቅ ተባለ። ብዙዎች ይህን ጉብኝት እንደ ሥነ ሥርዓት ብቻ ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሰውየው ሕይወት ውስጥ ትልቁ ቀን ይህ ነው ባይ ነኝ። በቀናት ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች ብዙ ክርስቲያን የተቃውሞ አባላትን ማሠራቸው፣ እርቁ በቤይሩትና በደማስቆ ምን ያህል እንዳስደነገጠ ይናገራል። በሴፕቴምበር 2004 በደማስቆ ግፊት የፕሬዚዳንት ኤሚል ለሑድ የሥልጣን ዘመን በ96 ድምፅ ሲራዘም ከተቃወሙት 29 ሰዎች መካከል የጁምብላት ወገን ይገኝበታል፤ በኦክቶበር የቅርብ ሰዋቸው መርዋን ሐማዴ ከግድያ ሙከራ ተረፉ፤ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ረፊቅ አል-ሐሪሪ ተገደሉ፤ በኤፕሪል የሶርያ ጦር ወጣ። በ2005 ጁምብላት በደማስቆ ላይ በሙሉ ድምፅ መናገር የቻሉት ከአራት ዓመት በፊት በጓሯቸው ከማሮናውያን ጋር ሰላም አውርደው ስለነበር ነው።

ሜይ 2008 ሦስተኛው ነው፤ በአጭሩ ላስቀምጠው። መንግሥት በጁምብላት ግፊት ጭምር የሒዝቦላህን የግል የስልክ መስመር ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ ሒዝቦላህና ተባባሪዎቹ ምዕራብ ቤይሩትን ተቆጣጠሩ፤ ውጊያው ከቀናት በኋላ ወደ ዓለይና ወደ ሹፍ ወጣ። ያን ጊዜ ጁምብላት በአደባባይ የለመኑት ተቀናቃኛቸውን ጠላል አርስላንን ነበር፤ አርስላን ከሒዝቦላህ ጋር በነበራቸው ወዳጅነት እንዲሸመግሉና መንደሮቹ ለሊባኖስ ጦር እንዲተላለፉ። የተቀናቃኝ ቤት መኖሩ ማኅበረሰቡን ያዳነበት ቀን ነው ማለት ይቻላል። በኦገስት 2009 የሶርያን ጦር መውጣት ከጠየቀው ከማርች 14 ጥምረት መውጣታቸውን፣ በማርች 2010 ደማስቆ መሄዳቸውን፣ በጃንዋሪ 2011 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ለቀረቡት ለነጂብ ሚቃቲ ድምፅ መስጠታቸውን ከዚህ ከሜይ 2008 ነጥሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል።

ሟቾችንና ተፈናቃዮችን መጻፍ

የአውራጃን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት የአንዱን መንደር ሐዘን ጽፎ የሌላውን እንዳይተው ነው። ከማል ጁምብላት በተገደሉ ዕለት በሹፍ መንደሮች ውስጥ በግድያው እጃቸው የሌለበት ክርስቲያኖች በበቀል ተገድለዋል፤ ይህ የመሪውን ግድያ በሚዘክር ጽሑፍ ሁሉ ውስጥ በዚያው አንቀጽ መግባት አለበት እንጂ በግርጌ መቅረት የለበትም። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ 1976 ዳሙር በፍልስጤማውያንና በተባባሪዎቻቸው ታጣቂዎች ተወርራ ነዋሪዎቿ ተጨፍጭፈዋል። በ1982 እና በ1983 ደግሞ የድሩዝ ቤተሰቦች ወገኖቻቸውን ቀብረዋል። ወደ ኋላ ከተኬደ የ1860ው እልቂት አለ፤ ደይር አል-ቀመር በዚያን ጊዜም ነድዳለች። ታሪኩን ከየትኛው ዓመት ይጀምሩታል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የወገንተኝነት ጥያቄ ነው፤ በ1983 የጀመረ አንዱን ወገን ይወነጅላል፣ በ1982 የጀመረ ሌላውን። እኔ የምመክረው የመነሻውን ዓመት ለምን እንደመረጡ ለአንባቢው በግልጽ መንገር ነው።

ቃላትም ይመዘኑ። በዐረብኛ ሙሀጀሪን የሚባሉትን ስደተኞች ማለት አይገባም፤ ከአገራቸው አልወጡም፣ ከመንደራቸው ተገፍተው የወጡ ተፈናቃዮች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ለእነርሱ ተብሎ የተፈናቃዮች ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ለዓመታትም የመሩት ራሳቸው ዋሊድ ጁምብላት ነበሩ። ሰዎቹን ያፈናቀለው ጦርነት ውስጥ ጦር የመሩ ሰው የመመለሻቸውና የካሣቸው ኃላፊ መሆናቸው ብዙዎችን ያሳዘነ ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድም ቤተሰብ ሊመለስ አይችልም ነበር ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

ሊባኖስ ውስጥ የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች እዚህ ላይ ሌላው የሌለው ዕድል አላቸው። በተራራው ቤቶች ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶች የሹፍን ዐረብኛ ያውቃሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጠያየቅ፣ በማርች 16 ማን ወደ ሙኽታራ እንደሚወጣና ማን በሩን ዘግቶ እንደሚውል አይተዋል። ምስክርነታቸው ውድ ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸው በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ስማቸውን፣ የመንደሩን ስምና የአሠሪውን ቤት የሚያመለክት ምንም ነገር መጻፍ አይገባም። አንዲት እኅት በጽሑፋችን ምክንያት ሥራዋንና መኖሪያዋን ከምታጣ ያ አንቀጽ ቢቀር ይሻላል።

ስለ ስምና ስለ ቀን ጥቂት ልጨምር። የቤተሰቡ ስም በዐረብኛ የሚያልቀው በእኛ ጠ በሚወከለው ድምፅ ስለሆነ ጁንብላጥ ብሎ መጻፍ ለመነሻው ይቀርባል፤ ጁምብላት የሚለው በዜና የተለመደ ስለሆነ እኔ እርሱን ተጠቅሜያለሁ። የመረጡትን አንዱን እስከ መጨረሻ ይዞ መሄድ ነው ዋናው። ቀኖችን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲያዞሩ ደግሞ ማርች 16 ቀን 1977 መጋቢት 7 ቀን 1969 ዓ.ም. እንደሚሆን፣ ማርች ብሎ መጋቢት 16 መጻፍ ግን በዘጠኝ ቀን እንደሚያሳስት ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የመጨረሻዎቹ መስመሮች

ሰሌዳው ወደ ዘመናችን ሲደርስ ሁለቱ ዓምዶች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። በማርች 2017 የከማል 40ኛ ሙት ዓመት በሙኽታራ ሲታሰብ ዋሊድ ኩፊያ የሚባለውን የዐረቦች የራስ ሻርፕ በልጃቸው በተይሙር ትከሻ ላይ አኖሩት፤ በ2018 ወንበራቸውን ለቀውለት ተይሙር ተመረጠ፤ በሜይ 2023 ከፓርቲው ሊቀ መንበርነትም ለቀቁ፤ ልጃቸው ተተካ። በግራው ዓምድ የአሳድ ቤት በዲሴምበር 8 ቀን 2024 ወደቀ። በማርች 2025 አዲሶቹ የሶርያ ባለሥልጣናት በከማል ግድያ የሚጠረጠሩትን የቀድሞ የስለላ ሹም ኢብራሂም ሁዌይጂን መያዛቸውን አስታወቁ፤ በዚያው ወር ሙኽታራ ላይ በተደረገው መታሰቢያ ዋሊድ ጁምብላት ለ48 ዓመታት የዘለቀው ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት እንዲያበቃ ማወጃቸው በቀኙ ዓምድ ይሰፍራል። ከዚህ በታች ያለው ባዶ መስመር የተይሙር ነው፤ በእርሱ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ነገር በቀጣዩ ምርጫ ከስምንቱ የሹፍ ወንበሮች ስንቱ በማን ድምፅ እንደተያዙ፣ ከዳሙርና ከደይር አል-ቀመር መዝገብ የወጡት መራጮችም ለማን እንደሰጡ ይሁን።